ሰባተኛው ጥቅል

ሰኞ፣ የካቲት 1 ቀን 1974 ዓ.ም.

ሰባተኛው የለም። የፊልሙን ቆርቆሮዎች ሦስት ጊዜ ቆጠርናቸው፤ ሰባት ናቸው። ጋሽ ደቻሳ ሰባተኛውን ከፍቶ ማሽኑ ላይ ሲያጠልቀው ግን የፈረንሳዩ ፊልም ቀርቶ አንዲት ሕንዳዊት በዛፍ ዙሪያ እየሮጠች ስትዘፍን ወጣች። ጋሽ ደቻሳ የዚህን ሲኒማ ቤት ማሽን ሃያ ዓመት ያንቀሳቀሰ ሰው ነው። ቁጭ ብሎ አያት። “ማል ጎና፣ እህቴ?” አለኝ። ምን እናድርግ ማለቱ ነው። እኔ ምን አውቄ!

በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ አለዚያ ንዴቴ ያደናግረኛል። ቀበሌው የሚያስተዳድረው ሲኒማ ቤት የፊታችን እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ የድሮ የፈረንሳይ የፍቅር ፊልም ያሳያል። አማርኛ የለውም። ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ ባቡር ጣቢያ ተመጣ፤ ባቡር ጣቢያ ሲመጣ እኔ ተገኘሁ። የጣቢያው ጸሐፊ ነኝ። ድሬዳዋ የፈረንሳይ መነኮሳት ጋ ተምሬያለሁ፤ ነገር ግን በፈረንሳይኛዬ አሥራ ሁለት ዓመት የጻፍኩት ስለ ቡና ጆንያ፣ ስለ ቆዳና ስለ ጠፋ ሻንጣ ነው። “ልቤ ተሰበረ” የሚለውን አላውቀውም። “ዕቃው ተሰብሮ ደርሷል” የሚለውን ግን ተኝቼም እጽፈዋለሁ። አሁን ማይክራፎን ይዤ ማሽን ክፍል እቀመጥና ፈረንጆቹ በተናገሩ ቁጥር በአማርኛ ለአዳራሹ እናገራለሁ ማለት ነው።

እሺ ያልኩት ለቀበሌው ብዬ አይደለም። ለአባባ ብዬ ነው።

አባባ ይህን ፊልም አይተውታል፤ መጨረሻው ሲቀር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው፣ ድሬዳዋ። ያኔ ከፈረንሳዮች ጋር የሚሠሩ የባቡር ነጂ ረዳት ነበሩ፤ ቋንቋውንም ከነሱ ለምደዋል። እማማን፣ ገና እማማ ሳትሆን፣ ሲኒማ ይዘዋት ገቡ። ፊልሙ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የሚሠሩበት ባቡር ጮኸ። ተነሡ። “መጨረሻውን ስመለስ ትነግሪኛለሽ” ብለዋት ሮጡ። በሦስተኛው ቀን ሲመለሱ፣ “ተሳፈረች” አለቻቸው። ልጅቷ ከምትወደው ሰው ጋር ባቡር ተሳፈረች፤ ሻርፗን በመስኮት እያውለበለበች ሄደች። በሳምንቱ እማማም ወላጆቿ እንቢ እያሉ፣ ከአባባ ጋር ወደዚህ ወደ ናዝሬት ተሳፈረች። “ያቺ ፈረንጅ ባትሳፈር ኖሮ አንቺም አትወለጂም ነበር” ይሉኛል። ይህን ሳልሰማ ያደግኩበት ወር የለም።

እማማ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆናት። የአባባን ዓይን ሞራ ጋርዶታል፤ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። ጆሯቸው ግን ጆሮ ነው። ዛሬ ነነዌን ጾመው ቁጭ ብለው፣ “ዘንድሮ የምጾመው ፊልሙ በሰላም እንዲደርስ ነው” ብለው ቀለዱብኝ። ሰባተኛው ጠፍቷል ለማለት አፌ እንቢ አለኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 2

ስልክ፣ ስልክ፣ ስልክ። መስመር ለማግኘት ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት።

የፊልሙ ሳጥን ከደቡብ ሲመጣ ሻሸመኔ ሲኒማ ቤት አድሮ ነበር። እዚያ ደግሞ የሕንድ ፊልም ነበራቸው። የተደባለቀው እዚያ ነው። ስልኩን ያነሣው ከድር የሚባል፣ በር ላይ ቲኬት የሚቀድ ሰው ነው።

“እህቴ፣ እኛም ጉድ ሆነናል” አለኝ። “እሑድ የሕንዱን ስናሳይ፣ ሊጋቡ ሲሉ ድንገት ነጭና ጥቁር ሆነና አንዲት ፈረንጅ ባቡር ጣቢያ ላይ ቆማ ወጣች።”

“ሰዉ አልጮኸም?”

“ምን ይጮሃል፣ የሙሽራዋ ሕልም ነው ብሎ አየ። ያለቀሰም አለ።”

“መጨረሻ ላይ ተሳፈረች አይደል?”

“ማን?”

“ፈረንጇ ናታ!”

“ኧረ አልተሳፈረችም። ባቡሩ ሄደ፣ እሷ ቆማ ቀረች።”

በደንብ አላየኸውም አልኩት። ወላሂ አለኝ። ቲኬት ስትቀድ ነበር አልኩት። በመጨረሻው ሰዓት ማን ቲኬት ይቆርጣል፣ አለኝ። ከማላውቀው ሰው ጋር በስልክ ስለ አንዲት ፈረንጅ ተጨቃጨቅሁ። መስመሩ ባይቆረጥ ኖሮ አሁንም አልለቀውም ነበር።

እንዲያም ሆኖ አንድ ድል አለኝ። ጥቅሉን ሽንኩርት ለሚጭን የጭነት መኪና ሾፌር ሊሰጠው ቃል ገብቷል። ነገ ይደርሳል።

ረቡዕ፣ የካቲት 3

አልደረሰም።

ጓድ አሰፋ፣ የቀበሌው የባህል ኮሚቴ ኃላፊ፣ ትርጉሙ ሁሉ ተጽፎ እስከ ነገ አሥር ሰዓት ካልቀረበና ማህተም ካልተመታበት ፊልሙ አይታይም አለ። አሰፋ የጎረቤታችን ልጅ ነው። ቤቱ በር ላይ “እትዬ ሰብለ” ይለኛል። ቢሮው ሲገባ “ጓድ ሰብለወንጌል” እሆናለሁ።

የጻፍኩትን የመጀመሪያ ስድስት ጥቅል ትርጉም ዛሬ አሳየሁት። ሰውየው ፒያኖ ቃኚ ነው፤ ከከተማ ከተማ እየዞረ የሰው ፒያኖ ይቃኛል። ልጅቷ ጓንት ሰፊ ናት። ይዋደዳሉ። አባቷ እንቢ ይላል። በስድስተኛው ጥቅል መጨረሻ ሰውየው፣ “ነገ ባቡሩ ሲነሣ ጣቢያ እጠብቅሻለሁ” ይላታል። አባባ ሮጠው የወጡት ይህችን ሰምተው ነው።

አሰፋ ቀይ እስክሪብቶ አወጣ።

“ፍቅሬ” የሚለው በዝቷል፤ ግማሹ ይበቃል።

አባቷ ለምን እንቢ አለ? የመደብ ምክንያት ይጠቀስ።

ፒያኖ የቡርዥዋ ዕቃ ነው። “እሱ እኮ ይቃኘዋል እንጂ የሱ አይደለም” አልኩት። አሰበ። “እንግዲያው ላብአደር ነው፤ እንደዚያ ብለሽ ጻፊው” አለኝ። ስለዚህ ላብአደሩ ፒያኖ ቃኚ ሆነ።

መሳሳሞቹስ? እነሱን ጋሽ ደቻሳ መዳፉን የማሽኑ መስታወት ፊት በማድረግ ይሸፍናቸዋል። በአራተኛው ጥቅል ላይ መዳፉ ብዙ ሥራ አለበት።

ቤት ስገባ እንባዬ መጥቶ ነበር። ከንዴት ነው። አባባ ግን ወረቀቱን አስነበቡኝና፣ “ይሄ አይደለም፤ እሱ የሚላት ‘ድምፅሽ ሲወርድብኝ አውቀዋለሁ’ ነው” ብለው አረሙኝ፤ የቃኚ ወግ ነው። ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ! ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ነበር የተናገሩት። “መጨረሻውን ግን እንዳትነግሪኝ” አሉ። “ባውቀውም፣ ከፊልሙ ነው መስማት የምፈልገው።”

ሐሙስ፣ የካቲት 4

መኪናው አዳሚ ቱሉ ላይ ማርሽ ሰብሮ ቆሟል። ሾፌሩ ዝዋይ ድረስ በሰው መኪና መጥቶ ደወለልኝ። ጥቅሉ ሽንኩርቱ መሐል ነው፣ አይዞሽ፣ አለኝ። ለሽንኩርቱ ነው ለጥቅሉ አይዞሽ የሚለኝ?

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ወረቀቱ ላይ መጨረሻው ባዶ ነው። ቁጭ ብዬ ቦታውን አየሁት። የከድርን ወሬ ልጻፍ? እሱ ሕልም መሆን አለመሆኑን እንኳ አያውቅም። እኔ የማምነው ሰው አለኝ። ጻፍኩት፦

“ልጅቷ ተሳፈረች። ቢጫ ሻርፗን በመስኮት እያውለበለበች ከላብአደሩ ፒያኖ ቃኚ ጋር ወደ አዲስ ሕይወት ሄደች።”

ቢጫ የሚለው የእማማ ነው። ሻርፑን በነገረችን ቁጥር ቢጫ ነበር። ፊልሙ ነጭና ጥቁር መሆኑ ትዝ ያለኝ ሰጥቼው ስወጣ ነው።

አሰፋ መጨረሻውን ወደደው። “ወደፊት የሚያይ መጨረሻ ነው” አለ። ማህተሙን በእስትንፋሱ አሙቆ ግጥም አደረገው። “ከዚህ ወረቀት አንዲት ቃል እንዳትወጪ፣ ጓድ ሰብለወንጌል። ኮሚቴው ከአሥራ አምስት ቀን በፊት አይሰበሰብም።”

ዓርብ፣ የካቲት 5

ደረሰ። ሽንኩርት ይሸታል።

ከሥራ አስፈቅጄ በምሳ ሰዓት ከጋሽ ደቻሳ ጋር አየነው። ባዶ አዳራሽ፣ ሁለታችን ብቻ።

ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ጣቢያ ትመጣለች። እሱ ከባቡሩ መስኮት አንገቱን አውጥቷል። ታየዋለች። ያያታል። አንድ ቃል የለም። ባቡሩ ይጮሃል። ይነሣል። እሷ ሻንጣዋን መሬት ታስቀምጣለች። የባቡሩ ድምፅ እየራቀ ይሄዳል። ከዚያ ሻንጣዋን ታነሣና ተመልሳ ትሄዳለች።

አልተሳፈረችም። ሻርፕም የላትም፤ ባርኔጣ ነው ያደረገችው።

“ድገመው” አልኩት። ጋሽ ደቻሳ ደገመው። ሁለተኛም አልተሳፈረችም።

እማማ ዋሸች። አባባን ዋሸች፣ እኔን ዋሸች፣ እስክትሞት ድረስ ዋሸች። ለምን? በጣም ነው የተናደድኩት፤ የሞተ ሰው ላይ መናደድ ደግሞ ግድግዳ እንደመምታት ነው፣ የሚያመው የራስን እጅ ነው። አባባ የኖሩት በዚያች ቃል ላይ ነው። ዓይናቸው ከጠፋ፣ እሷም ከሄደች በኋላ የቀረቻቸው “ተሳፈረች” የምትለዋ ናት። ያችንም እኔ በማይክራፎን በሰው ፊት ልነጥቃቸው ነው?

ንግግር ቢኖረው ኖሮ ፈረንሳይኛውን ራሳቸው ሰምተው ይፈርዱ ነበር። ምንም አይባልም። አዳራሹ ሁሉ በዓይኑ ያያል፤ እሳቸው ብቻ የኔን አፍ ይጠብቃሉ።

ጋሽ ደቻሳ ጉዳዩን ስነግረው ፊልሙን ጠቀለለ። “እናትሽ ብልህ ነበረች” አለኝ። ምኑ ነው ብልህነቱ? እሱም አናደደኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 6

አሰፋ ቢሮ ሄድኩ።

“መጨረሻው ተለውጧል” አልኩት።

“ማን ለወጠው?”

“ማንም። ፊልሙ ራሱ።”

“ወረቀቱ ላይ ተሳፈረች ይላል። ማህተም ተመትቶበታል።”

“ግን አልተሳፈረችም! ሰዉ ያያታል!”

አሰፋ ቀና ብሎ አየኝ። ለአፍታ የጎረቤታችን ልጅ ሆነ። “እትዬ ሰብለ፣ እኔ ራሴ ለበላይ ልኬዋለሁ። ሳላየው አጸደቅሁ ልበል?” አለ። ከዚያ ጓድ ሆነ። “ወይ እንደተጻፈው ታነቢያለሽ፣ ወይ አይታይም።” ሳጥኑ ሰኞ ይመለሳል። ስለዚህ ወይ ነገ፣ ወይ መቼም።

ለአባባ ቀድሜ ልነግራቸው ወሰንኩ። ቤት ስደርስ ጢማቸውን ተላጭተው፣ የድሮ የባቡር ሥራ ካፖርታቸውን አስወጥተው ቁልፎቹን በጨርቅ እየወለወሉ ነው። በዚህ ሙቀት ካፖርት!

“አባባ” አልኩ።

“እመት።”

“መጨረሻው ምናልባት እማማ እንደነገረችን ላይሆን ይችላል።”

“እንዴት ሊሆን ነው ታዲያ?” አሉ፣ ቁልፉን እየወለወሉ። “እናትሽ አይታዋለች።”

ሄጄ ዕቃ አጠብኩ። አንድ ብርጭቆ ሰበርኩ።

እሑድ፣ የካቲት 7

ጉድ ሆኛለሁ። ልጻፈው።

አባባን በጋሪ አመጣኋቸው። ሦስተኛው ረድፍ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኳቸው፣ ካፖርታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው። አዳራሹ ጢም ብሏል። አሰፋ ከፊት ረድፍ ተቀምጧል።

እስከ ስድስተኛው ጥቅል በሰላም ሄድን። የጋሽ ደቻሳ መዳፍ በወጣ በገባ ቁጥር ሰዉ ያፏጫል፤ ሌላ ችግር የለም። “ድምፅሽ ሲወርድብኝ አውቀዋለሁ” ስል አንዲት ሴት “እሰይ!” አለች። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ሰባተኛው መጣ። ጣቢያው። ሻንጣው። ወረቀቱን ያዝኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። በማሽን ክፍሏ ቀዳዳ አባባን አየኋቸው፤ አንገታቸውን ወደኔ አዘንብለው ጆሯቸውን ሰጥተዋል። ባቡሩ ጮኸ። ዝም ልል ነበር። ዝም ብል የማንም ጥፋት አይሆንም ነበር። ከዚያ ባቡሩ ሲነሣ የአባባ እጅ የፊቱን ወንበር ሲጨብጥ አየሁ።

“ልጅቷ ተሳፈረች!” አልኩ።

ልጅቷ ጣቢያው ላይ ቆማለች።

“ቢጫ ሻርፗን በመስኮት እያውለበለበች...”

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። “ኧረ ቆማለች! መነጽር ስጧት!” አለ አንዱ። “ሻርፑ የታለ?” “ተርጓሚዋን ነው ያሳፈሯት!” ሳቅ፣ ፉጨት፣ ጭብጨባ። አሰፋ ተነሥቶ ወደ ቀዳዳዋ ዞረ፤ ፊቱን ባላይ ይሻለኝ ነበር። እኔ ግን እስከ “አዲስ ሕይወት” ድረስ አነበብኩ። ሳቁ ሲያልፍ ፊልሙ ገና አላለቀም ነበር። ልጅቷ ሻንጣዋን አንሥታ ትሄዳለች፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሚሰማው የጫማዋ ተረከዝ ብቻ ነው፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ድንጋዩ ላይ።

አባባ ቤት ገብተው ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተኙ። እራት አልበሉም። ሰው ሁሉ እየሳቀ ምን እንዳለ ሰምተዋል። እኔ ባልዋሽ ይሻል ነበር። ብነግራቸውም ይሻል ነበር። ቀበሌ መጠራቴ አይቀርም፤ እሱ ግን አሁን አልታየኝም።

ሰኞ፣ የካቲት 8

ጋሽ ደቻሳ ሰባቱን ቆርቆሮ፣ የሕንዱንም ጥቅል ጨምሮ፣ አውቶቡስ ላይ ጭኖ ላከ። ከድር ከሻሸመኔ ደውሎ፣ ሕንዳዊቷ አገባች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሰዉ መንገድ ላይ እያስቆመ ይጠይቀዋል አሉ። መጨረሻውን አላየሁትም አልኩት፤ እውነቴን ነው።

ከሥራ ስመለስ አባባ በረንዳው ላይ ናቸው።

“ተቀመጪ” አሉኝ። ተቀመጥኩ።

“ተረከዟን ሰማሁት።”

ወንበሬን አስጠጋሁ።

“ፌርማታ ላይ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። ባቡር ከሄደ በኋላ የተሳፈረ ሰው ጫማ ድንጋይ ላይ አይሰማም። ቀርታለች።”

“ቀርታለች፣ አባባ” አልኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ስል በእጃቸው አስቆሙኝ።

“ያ ሻርፕ የእናትሽ ነው። ከድሬዳዋ ስንነሣ፣ ከሎኮሞቲቩ ዞር ብዬ ሳይ በሦስተኛ ማዕረግ መስኮት ቢጫ ሻርፕ ይውለበለባል። ያን ጊዜ ገባኝ መምጣቷ። ይሄን ሁሉ ዘመን ከፈረንጇ የቀዳችው ነበር የሚመስለኝ።”

አቀረቀሩ። እያለቀሱ መስሎኝ ነበር፤ ቀረብ ብዬ ሳይ እየሳቁ ነው። እያለቀሱም ነው።

“ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ” አሉ። “ያቺን ስትቀር አየቻት። ቁጭ ብላ፣ ብቻዋን፣ እስከ መጨረሻው አየቻት። እኔ የመጣችው ፊልም አይታ ይመስለኝ ነበር። ለካ ፊልሙን እንቢ ብላ ነው።” አፍንጫቸውን በካፖርቱ እጅጌ ጠረጉ። “ያቺ ቀረች፣ ሰብልዬ። የኔዋ መጣች።”

ከዓርብ ጀምሮ በእማማ የያዝኩት ንዴት የት እንደገባ አላውቅም።

ከቀበሌ ወረቀት መጥቷል፤ ነገ ሦስት ሰዓት እንድቀርብ። ማህተም ያለበትን ወረቀቴን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ያዋጣኝ አያዋጣኝ አላውቅም፤ አሰፋም ከኔ ብሶ የፈራ ይመስለኛል። አባባ አብሬሽ እሄዳለሁ ብለዋል፣ ካፖርታቸውን ለብሰው። ምን ብለው ሊመሰክሩልኝ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው።

“ያየሁትን” አሉኝ።